ምዕራፍ 7፦ ዘበኛ የማይገባበት ግቢ

«ማጅራት ገትር» የሚለውን ስም ያወጣ ሰው ዓይኑ ደኅና ነበር። ማጅራት ከአንገት በስተኋላ፣ ሸክም የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ መገተር ደግሞ መወጠር፣ አልታጠፍም ማለት። በጀርባው የተኛ ሰው ራስ ሥር እጅዎን ሰደው ቀና ሊያደርጉት ይሞክሩ። የጤነኛው አገጭ ደረቱን ይነካል። የዚህ በሽታ ታማሚ አንገት ግን አይታዘዝም፤ ትከሻውና ደረቱ አብረው ይነሣሉ፣ ሳንቃን በአንድ ጫፉ ይዞ እንደማንሣት። (ከኋላ መጥቶ የሚዘርፈውን «ማጅራት መቺ» የምንለው ከበሽታው ጋር ዝምድና ኖሮት አይደለም። ሆኖም በዚህ ምዕራፍ ስለ ሌባ ብዙ ስለምናወራ ቃሉን ያዝ ያድርጉት።)

ስሙ ጥሩ ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው። በሽታው የት እንደሚታይ እንጂ የት እንዳለ አይነግረንም። ማጅራቱ ራሱ ምንም አልሆነም። የታመመው አንጎል የለበሰው ልብስ ነው።

ቡሉኮ፣ ድርና ነጠላ

አንጎል ሦስት ልብስ ደርቦ ነው የሚኖረው። ከራስ ቅሉ ሥር ያለው ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ቡሉኮ እንበለው። ከሁሉም ውስጥ ያለው እጅግ ስስ ሲሆን እንደ ረጠበ ነጠላ በአንጎሉ እጥፋት ሁሉ ላይ ተጣብቋል። በሁለቱ መካከል ያለው የሸረሪት ድር ይመስላል፤ የሕክምና ስሙም ያው ነው። በድሩና በነጠላው መካከል ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ ውስጥ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ይዘዋወራል። በአዋቂ ሰው ውስጥ በማንኛውም ሰዓት የሚገኘው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው። በቀን ግን ግማሽ ሊትር ያህል አዲስ ይመነጫል፣ አሮጌው ወደ ደም ይመለሳል፤ ውኃው በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይለወጣል ማለት ነው።

ማጅራት ገትር ማለት የእነዚህ ልብሶች፣ በተለይ የውስጠኞቹ የሁለቱ፣ መቆጣት ነው። ልብሱ ደግሞ ራስ ቅል ላይ አያበቃም። እንደ እጅጌ ሆኖ በአከርካሪ ውስጥ ህብለ ሰረሰርን እያለበሰ እስከ ወገብ በታች ይወርዳል። አገጭን ወደ ደረት ማድረግ ይህን እጅጌ ከላይ ወደ ታች መጎተት ነው። በደኅናው ጊዜ አይሰማንም። ሲቆጣ ግን ሕመሙ አይጣል ነው፤ ስለዚህ ሰውነት ራሱ የማጅራትን ጡንቻ ቆልፎ እንቅስቃሴውን ይከለክላል። ግትርነቱ ሕመሙን መሸሻ ነው። በሩሲያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቭላድሚር ኬርኒግ እ.ኤ.አ. በ1882 ያንኑ እጅጌ ከታች ጫፉ ጎተተው፦ የታማሚውን ጭን አጥፎ ጉልበቱን ሊዘረጋ ሲሞክር አልዘረጋ አለው። ፖላንዳዊው ዩዜፍ ብሩድዚንስኪ ደግሞ በ1909 አንገት ሲነሣ ጉልበት ሳይታዘዝ እንደሚታጠፍ ጻፈ። ሁለቱም ምልክቶች እስካሁን በስማቸው ይጠራሉ።

ቀለሙ ያልነካው ክፍል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ የቀረው የምዕራፉ ክፍል በሙሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ቀለም በእንስሳት ደም ውስጥ ይወጋ ነበር። ጉበቱ፣ ኩላሊቱ፣ ጡንቻው ሁሉ ቀለሙን ይይዛል። አንጎሉ ግን እንደነጣ ይቀራል። ኤርሊክ «አንጎል ይህን ቀለም ባይወደው ነው» ብሎ አለፈው። እ.ኤ.አ. በ1913 ኤድዊን ጎልድማን ነገሩን ገለበጠው፦ ቀለሙን ደም ውስጥ ሳይሆን አንጎልን በከበበው ውኃ ውስጥ ወጋ። በዚህ ጊዜ አንጎሉ ቀለም ለብሶ የቀረው አካል ነጣ። አንጎል ቀለም ይይዛል ማለት ነው። ከደም ወደ አንጎል የሚያሻግረውን መንገድ የዘጋ አጥር ነበር።

በምዕራፍ 4 ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ግድግዳ መካከል ሾልከው ወደ ቁስል እንዴት እንደሚሮጡ አይተናል። ያ መሹለኪያ አንጎል ውስጥ የለም። እዚያ የደም ሥሮችን ግድግዳ የሠሩት ሴሎች እንደ ዚፕ ጥርስ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። ስኳር በተፈቀደለት በር ይገባል፣ ኦክስጅን ግድግዳውን ሰርጎ ያልፋል፤ ሌላው አብዛኛው ውጪ ይቀራል፤ ወታደሮቹ ነጭ ሴሎችም ጭምር። አንድ የጤፍ ፍሬ የምታክል የደም ጠብታ፣ አንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር፣ ከ4,000 እስከ 11,000 ነጭ ሴል ትይዛለች። ያንኑ ያህል የአንጎል ውኃ ቢመረመር ከ5 በላይ አይገኝበትም። ፀረ እንግዳ አካላት የምንላቸው፣ ጠላትን ለይተው የሚጠቁሙት ፕሮቲኖችም እዚያ ውስጥ በመቶዎች እጥፍ ያንሳሉ።

ሰውነት ምነው የከበረ ዕቃውን ያለ ጠባቂ ተወው? መልሱ ያለው የጠባቂዎቹ ጠባይ ላይ ነው። ነጭ ሴሎች ሲዋጉ ያሳብጣሉ፣ ያግላሉ፣ መርዝ ይረጫሉ። ቁርጭምጭሚት ቢያብጥ ጫማ ይጠባል እንጂ ሰው አይሞትም። ራስ ቅል ግን ክዳኑ የማይከፈት ሣጥን ነው፤ ውስጡ ያለው ሲያብጥ መሄጃ የለውም። ስለዚህ አንጎል ያለው ምርጫ አጥሩን ከፍ ማድረግና ዘበኛውን ከአጥሩ ውጪ ማቆም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። አንድ ሌባ ዘልሎ የገባ ዕለት ግን የጠበቀው አጥር ራሱ ወጥመድ ይሆናል።

ሌባው

በምዕራፍ 5 በሳንባ ውስጥ ያገኘነው ኒሞኮከስ እዚህም አለ፤ ከሦስቱ ዋነኛ ባክቴሪያዎች ገዳዩም እሱ ነው። ሜኒንጎኮከስ የሚባለው ወረርሽኝ የሚያስነሣው ሲሆን የሚኖረው በሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ብቻ ነው። ከ10 ሰው አንዱ ያህል ሳያውቀው ይዞት ይዞራል፤ አብዛኛውን ሰው አንዳች ሳያደርገው ራሱ ይጠፋል። ሂብ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ሦስተኛው ሕፃናትን የሚያጠቃ ነው። አዲስ የተወለዱትን የሚይዙት ደግሞ በወሊድ ጊዜ ከእናት የሚሻገሩ ሌሎች ናቸው። በቫይረስ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በራሱ ይሽራል። የቲቢውና ኤች አይ ቪ ያለባቸውን የሚይዘው የፈንገሱ ዓይነት ግን በቀናት ሳይሆን በሳምንታት እያደባ ይመጣል። «ሁለት ሳምንት ያልለቀቀ ራስ ምታት» የሚለው ቃል ሐኪምን ቀና የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ከአፍንጫ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ውኃው የሚሻገር ባክቴሪያ ጥቂት ነው። አንዴ ከገባ ግን የሚያገኘውን ያስቡት፦ ስኳር ያለበት፣ 37 ዲግሪ የሞቀ ውኃ፣ ጠያቂ የሌለበት። ዘበኛው ተኝቶ አይደለም፤ መግቢያ ፈቃድ የለውም። ባክቴሪያው በሰዓታት ውስጥ ሚሊዮኖች ይሆናል።

ጩኸቱ ሲሰማ አጥሩ ይፈርሳል፤ የሚያፈርሰውም ሰውነት ራሱ ነው። ነጭ ሴሎች በሺዎች ይጎርፋሉ፣ ከደም ፕሮቲንና ውኃ አብሮ ይፈስሳል። አይጥ ገባች ብሎ በጨለማ ዱላ ይዞ ጓዳ የዘለቀ ሰው ዓይነት ነገር ነው። አይጧን ይመታ ይሆናል፤ ገንቦውን፣ እንስራውንና ምጣዱንም አይምርም። በዚህ በሽታ አንጎልን የሚጎዳው ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን ዱላውም ነው። ራስ ምታቱ፣ ትውከቱ፣ ብርሃን መጥላቱ፣ መቃዠቱ፣ መንዘፍዘፉና ራስን መሳቱ አብዛኛው ከዚህ እብጠትና ግፊት የሚመጣ ነው።

ምች፣ ታይፎይድ ወይስ ሌላ?

መጻሕፍት ትኩሳት፣ የማጅራት ግትርነትና የአእምሮ መዛባት ሲገናኙ ማጅራት ገትርን ጠርጥሩ ይላሉ። ሦስቱን ጠብቆ መወሰን ግን አደገኛ ነው። በሆላንድ በባክቴሪያ የመጡ 696 የማጅራት ገትር ሕመሞችን ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ሥራ ሦስቱን አሟልተው የመጡት 44 በመቶዎቹ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ራስ ምታት ተጨምሮ ከአራቱ ሁለቱን የያዙት ግን 95 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ትኩሳትና መቃዠት፣ አንገቱ ቢታጠፍም ባይታጠፍም ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። የኬርኒግና የብሩድዚንስኪ ምልክቶችም ሲገኙ ይጠቅማሉ፤ አልተገኙም ብሎ መረጋጋት ግን አይቻልም።

ስሙ ሙሉ በሙሉ የሚከዳን ሕፃናት ላይ ነው። የጨቅላ ማጅራት ላይገተር ይችላል። ጡት እምቢ ይላል፣ ያለወትሮው ይፈዛል፣ ድምፁ ቀጥኖ ይጮኻል። ብዙ እናቶች የሚያስተውሉት አንድ ነገር አለ፦ ልጁ ሲታቀፍ ዝም ከማለት ይልቅ ይብስበታል። ማቀፍ እጅጌውን ይጎትታላ! እርግብግቢቱም ያብጣል፤ ገና ያልገጠመው የራስ ቅል ክፍተት ግፊቱን አውጥቶ የሚያሳይ መስኮት ነው። ትኩሳት ጭራሽ ላይኖር፣ ሰውነቱም ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ሜኒንጎኮከስ ደም ውስጥ ሲባዛ ቆዳ ላይ የቁንጫ ንክሻ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ሊያወጣ ይችላል። የብርጭቆ ጎን ሲጫኑባቸው ካልጠፉ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ናቸው፤ ያኔ የሚጠፋ ደቂቃ የለም። መጻሕፍቱ ላይ ያሉት ፎቶዎች አብዛኛውን ጊዜ የነጭ ቆዳ ናቸው። በእኛ ቆዳ ላይ መፈለግ ያለበት መዳፍ፣ የእግር መርገጫ፣ የዓይን ቆብ ውስጠኛው ክፍልና ላንቃ ላይ ነው።

አገራችን ውስጥ ይህ በሽታ በሁለት ስም ይደበቃል። አንደኛው ምች ነው። ፀሐይ መቶት ራሱን ያመመው፣ ያተኮሰው ሰው ዳማከሴ ይታሽለታል፣ ይጨመቅለታል። በዳማከሴ የሚቀልድ ሰው አልወድም፤ እኔም አያቴ አሽታልኝ አድጌያለሁ። ችግሩ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን «ነገ ይሻለዋል» ተብሎ የሚያድረው ሌሊት ላይ ነው። ሁለተኛው ስም ታይፎይድ ነው። ትኩሳት ያለው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ከፋርማሲ ክኒን ይገዛል። ክኒኑ አጥሩን በበቂ መጠን አያልፍም። ሌባውን ሳይገድል ያደነዝዘዋል፣ ትኩሳቱን ትንሽ ያበርዳል፣ የምርመራውን ውጤት ያደበዝዛል፤ ታማሚው ከሦስት ቀን በኋላ በቃሬዛ ይመጣል።

ከሮቶው ቧንቧ

ለዚህ መጽሐፍ ማስታወሻ ስሰበስብ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ያየሁት ነው። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ዓይኑን በክንዱ ሸፍኖ ይቃዣል። አባትየው ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ቆመዋል። ወጣቷ ሐኪም ከጀርባው ፈሳሽ መውሰድ እንዳለባት ነገረቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ እሱስ ይቅር» አሉ። «የጎረቤታችንን ልጅ ከጀርባው ውኃ ቀዱለት፣ በማግሥቱ ቀበርነው።»

«አባባ፣ እሱን መርፌው ነው የገደለው?»

«እንግዲህ ከመርፌው በኋላ ነው የሞተው።»

«የንስሐ አባት የተጠራላቸው ሰዎችስ? ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ አይደለም የሚሞቱት? ቄሱ ገደሏቸው ይባላል?»

አባትየው ፈገግ ለማለት ዳድቷቸው ተዉት። ከዚያ እጃቸውን አነሡ፤ እንደ ወደድሽ ማለታቸው ነበር።

ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ይህ ምርመራ የሚታዘዘው በጠና ለታመመ ሰው ነው፤ ከታመሙት ደግሞ የሚሞት አለ፤ ቀሪው ሰው የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። «ሽባ ያደርጋል» የሚባለውም ቦታውን ካለማወቅ የመጣ ነው። ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው ወገብ ላይ፣ ከዳሌ አጥንት ጫፍ ከፍ ብሎ ነው። ውኃው ግን ከዚያ በታች ይቀጥላል። መርፌው የሚገባው ከህብለ ሰረሰሩ ጫፍ በታች ነው፤ እዚያ ያሉት የተንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ብቻ ናቸው። ላቲኖቹ «የፈረስ ጭራ» ብለዋቸዋል። ባልዲ ውስጥ በተነከረ ጭራ መካከል ወስፌ ቢሰዱ ክሮቹ ገለል ይላሉ እንጂ አይበሱም።

ታዲያ አንጎል ታሞ ወገብ ምን አገባው? ቤት ላይ የተሰቀለ ሮቶ ያለው ሰው ይህን አይጠይቅም። ሮቶው ውስጥ ምን እንደገባ ለማወቅ ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ ከታች ቧንቧውን ከፍቶ በብርጭቆ መቅዳት ይበቃል፤ ውኃው አንድ ነው። ይህን ቧንቧ እ.ኤ.አ. በ1891 ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ኩዊንከ ነበር።

ልጁን በጎኑ አስተኝተው ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጠፉት፤ ነርሱ እንደ ሕፃን አቀፈው። ማደንዘዣ፣ ከዚያ ቀጭን ረጅም መርፌ። ሐኪሟ ሽቦውን ከመርፌው ውስጥ ስትስብ ፈሳሹ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ትንንሽ ቱቦዎች ውስጥ ተቀበለችውና አንዱን በጠረጴዛው ላይ ከነበረ ጋዜጣ ፊት ያዘችው። የጤነኛ ሰው ውኃ ቢሆን ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበብ ነበር። ይህ ግን የሩዝ እጣቢ ይመስላል፤ ከጀርባው ያለው ርእስ እንኳ አይለይም። ላቦራቶሪ ሳይደርስ ግማሹ መልስ ተገኘ።

ሌላውን ግማሽ ላቦራቶሪው ያነባል፤ ንባቡም በአጥሩ ታሪክ የሚመራ ነው። ነጭ ሴሎቹ ከ5 ወደ መቶዎችና ሺዎች ከዘለሉ አጥሩ ተጥሷል። ፕሮቲኑ ከበዛ ግድግዳው ያፈስሳል። ስኳሩ በደኅናው ጊዜ ከደሙ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ከደሙ 40 በመቶ በታች ከወረደ ባክቴሪያን ያስጠረጥራል። በቫይረሱ ዓይነት ግን ስኳሩ ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይገኛል፤ በቲቢው ይወርዳል፣ የሴሎቹ ዓይነት ግን ይለያል። ከዚያ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ቀጥሎ ባክቴሪያውን ማሳደግ። ቀድሞ መድኃኒት የወሰደ ሰው ላይ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያው አልበቅል ሊል ይችላል፤ የሴሎቹ ግርግር ግን ለቀናት ይቆያል። ሌባው ቢያመልጥ የተሰበረው ገንቦ ይመሰክራል።

መርፌው ለጊዜው የማይደረግባቸው ሁኔታዎች አሉ፦ ታማሚው ራሱን በጣም ከሳተ፣ ወይም አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ግፊቱ ከላይ ሚዛን ስቶ ሊሆን ስለሚችል ከታች መቅዳት አንጎሉን ወደ ታች ሊስበው ይችላል። ያኔ፣ ባለበት፣ ሲቲ ስካን ይቀድማል። መርፌው ቢዘገይ ግን መድኃኒቱ አይዘገይም፤ ደም ለምርመራ ተወስዶ ወዲያው ይጀመራል።

አጥር ዘላዩ መድኃኒት

ከአንቲባዮቲክ ዘመን በፊት የወረርሽኙ ማጅራት ገትር አብዛኛውን ታማሚ ይገድል ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካዊው ሳይመን ፍሌክስነር በሜኒንጎኮከስ ከተከተቡ ፈረሶች ደም ፀረ እንግዳ አካላት ያሉበትን ውኃ አዘጋጀ። ያደረገውን ልብ ይበሉ፦ ደም ሥር ውስጥ አልወጋውም፤ በኩዊንከ ቧንቧ በኩል ቀጥታ አከርካሪ ውስጥ ከተተው። ዘበኛን በመስኮት ማስገባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው ዘገባ ከታከሙት ወደ 1,300 ሰዎች የሞቱት 31 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ለዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ድል ነበር።

ዛሬ በደም ሥር የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን አጥሩን ራሱ ይዘላል፤ ጥቂቱ ብቻ ግን ነው የሚያልፈው። ለሳንባ ምች ለአዋቂ በቀን 1 ወይም 2 ግራም ይበቃል፤ ለማጅራት ገትር 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ በቀን 4 ግራም ይሰጣል። ታማሚ በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ሾርባ ሲጠጣ ቤተሰብ «ተሽሎታል፣ ክኒን ይሰጠውና ቤቱ ይሂድ» ይላል። እዚህ አንድ የማይመች እውነት አለ። መድኃኒቱን ያስገባው በከፊል የፈረሰው አጥር ነው። እብጠቱ ሲቀንስ አጥሩ ይጠገናል፤ አጥሩ ሲጠገን መድኃኒቱም ይከብደዋል። መሻሉ ራሱ በሩን ይዘጋዋል። ስለዚህ መጠኑ አይቀነስም፣ በደም ሥር መሰጠቱም አይቀየርም፤ እንደ ባክቴሪያው ዓይነት ከአንድ ሳምንት አንሥቶ ሁለትና ከዚያም በላይ ሳምንት ይቀጥላል።

ዱላውስ? አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ሲያፈነዳው ፍርስራሹ ነጭ ሴሎችን ይበልጥ ያስቆጣል። ለዚህ ዴክሳሜታዞን የተባለ እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ቀደም ብሎ ወይም አብሮ ይሰጣል፤ ወታደሮቹን «ቀስ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአውሮፓ ሙከራ በአዋቂዎች ላይ ሞትን እንደቀነሰ አሳየ። በ2007 ማላዊ ውስጥ፣ አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ በነበረባቸው አዋቂዎች ላይ ሲሞከር ግን ያ ጥቅም አልተገኘም። በአንድ አገር የሠራ በሌላው እንደሚሠራ ሳይሞክሩ መማል አይቻልም፤ በዚህ ጉዳይ ከሐኪሞችም ጥቂቶቹ ይቸኩላሉ ባይ ነኝ።

የጓሮ በር

ባክቴሪያ ካመጣው በሽታ ከሚድኑት ከ5 ሰው አንዱ ያህል ቋሚ ጉዳት ይዞ እንደሚቀር የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ከጉዳቶቹ ዋነኛው ጆሮ ነው። የውስጥ ጆሮ ፈሳሽ በቀጭን መተላለፊያ ከአንጎሉ ውኃ ጋር ይገናኛል፤ ለግቢው የጓሮ በር ነው። ግርግሩ በዚያ ሾልኮ የመስሚያውን ክፍል ያበላሸዋል፤ አንዳንዴም ክፍሉ በአጥንት እየተደፈነ ይሄዳል፣ ያን ጊዜ በቀዶ ሕክምና የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ እንኳ ለማስገባት ያስቸግራል። ስለዚህ የመስማት ምርመራው ከሆስፒታል ሲወጡ ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መደረግ አለበት። ካልተደረገ የሚሆነው የታወቀ ነው። የዳነው ልጅ ሲጠሩት ዝም ይላል፤ «ከታመመ ወዲህ ተሞላቀቀ» ይባላል፤ ትምህርት ቤት ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ መምህሩም ሰነፍ ነው ይላሉ።

ከበሩ ውጪ

ግቢው ውስጥ ዘበኛ ማስቀመጥ ካልተቻለ ሌባውን መያዝ የሚቻለው ከበሩ ውጪ ነው፤ ደም ውስጥ፣ ከዚያም ይልቅ አፍንጫ ውስጥ። ክትባት የሚሠራው እዚያ ነው።

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋውን ምድር ፈረንሳዊው ሐኪም ሌዮን ላፔሶኒ እ.ኤ.አ. በ1963 «የማጅራት ገትር መቀነት» አለው። በበጋ፣ አየሩ ደርቆ አቧራ ሲነሣ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሽፋን ይሰነጣጠቃል፤ ወረርሽኙ ይነሣል፤ ዝናብ ሲጥል ይቆማል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1988–89 በአስር ሺዎች የታመሙባቸውን ሁለት ትልልቅ ወረርሽኞች አይታለች። በ1996–97 ደግሞ በመቀነቱ ላይ ከ250,000 በላይ ሰው ታሞ 25,000 ያህሉ ሞተ። አብዛኛው «ኤ» የሚባለው የሜኒንጎኮከስ ዘር ሥራ ነበር።

የቀድሞው ክትባት የባክቴሪያውን የስኳር ካፖርት ብቻ ለሰውነት ያሳይ ነበር። ሰውነት ስኳርን ቶሎ ይረሳል፤ ሕፃናትማ ጭራሽ አያስተውሉትም። ቀጥሎ የመጣው ሜንአፍሪቫክ ስኳሩን ከቴታነስ ፕሮቲን ጋር ሰፋው፤ ሌባው ኮት ላይ ቃጭል እንደማንጠልጠል ነው። ሰውነት ፕሮቲኑን ስለማይረሳ ስኳሩንም አብሮ ያስታውሳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ባክቴሪያውን ከአፍንጫ ማስወጣቱ ነው፤ ያልተከተበው ጎረቤትም ይድናል። የሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም ባነሰ ዋጋ ሠራው፤ ቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 መከተብ ጀመረች። ከ2017 ወዲህ በመቀነቱ ላይ የ«ኤ» ወረርሽኝ አልተመዘገበም። ሲ፣ ደብልዩና ኤክስ የተባሉት ዘሮች ግን ቦታ ስላልጠፋባቸው አምስት ዘር በአንድ የሚይዝ ክትባት ተሠርቶ በ2024 ናይጄሪያ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በኢትዮጵያ ሂብን የሚከላከለው እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኒሞኮከሱ በ2011 ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር ገብተዋል።

የሜንአፍሪቫክ ዘመቻ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በሦስት ዙር ነበር፤ የተከተበው ከ1 እስከ 29 ዓመት ያለ ሰው ነው። ያኔ በዚያ ዕድሜ ላይ ከነበሩ በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በቀበሌ ጥላ ሥር ተሰልፈው ክንድዎን ሳይሰጡ አልቀሩም። ትንሽ ካርድም ተሰጥቶዎት ነበር፤ የት እንዳደረጉት እንጃ።